ለእንግዳ የማይታዘዝ መብራት

ሰሞኑን ቤት የሚያሠራ ወይም የሚያድስ ሰው ከቀለሙና ከሴራሚኩ ቀጥሎ አንድ አዲስ ውሳኔ ተጨምሮበታል። መብራቱን ስማርት ያድርገው ወይስ ይተወው? «ላድርገው» ካለ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ተራውን አምፖል አውጥቶ ስማርት አምፖል መግጠም ነው። ሁለተኛው አምፖሉን እንደነበረ ትቶ ማብሪያ ማጥፊያውን መቀየር ነው። በማውቃቸው ቤቶች አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ሲመርጥ አያለሁ። እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ምክንያቴ ደግሞ አብዛኛው ከአኗኗራችን የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው ለምን እንደሚመረጥ ይገባኛል። አምፖል መቀየር ማንም ያውቅበታል። ወንበር ላይ ወጥቶ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ማጥበቅ፣ ስልክ ላይ አፕ መጫን፣ ከዋይፋዩ ጋር ማገናኘት፣ አለቀ። ማብሪያ ማጥፊያ ግን ብሬከር ማውረድ፣ ሽቦ መለየት፣ ኤሌክትሪሽያን መጥራት አለበት። ሽቦውን የፈራ ሁሉ አምፖሉን ይገዛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው፤ መብራቱን የሚያዘው ግድግዳው ላይ ያለው ቁልፍ ሆኖ ሳለ ዱላው አምፖሉ ላይ ያርፋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከአሠራሩ ነው። ስማርት አምፖል በሆዱ ትንሽ ኮምፒውተርና ሬዲዮ ይዟል። ብርሃኑ ጠፍቶም ቢሆን ትእዛዝ ለመስማት ነቅቶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሊቋረጥበት አይገባም። ይህ እንዲሆን ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ሌት ተቀን እንደበራ መቅረት አለበት። አንድ ሰው እንደ ልማዱ ከክፍሉ ሲወጣ ቀጭ ካደረገው ያ ሁሉ ብልሃት ዋጋ የለውም። ስልክ ቢነካኩ፣ ቢጠሩት፣ ቢለምኑት አይሰማም። ዚግቢ በሚባለው የሬዲዮ ዘዴ የሚሠሩት ደግሞ አንዱ አምፖል የሌላውን መልእክት እየተቀበለ ስለሚያሳልፍ፣ የኮሪደሩ ሲጠፋ ከእሱ ወዲያ ያለው የመኝታ ቤቱም አብሮ ሊደነቁር ይችላል።

አንድ ወዳጄ ለዚህ ያገኘለት መላ የቁስል ፕላስተር ነው። ሳሎኑ በር አጠገብ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ሁለት ቁራጭ አጣምሮ ለጥፎበታል፤ ማንም እንዳይነካው። አንድ ምሽት እዚያ ሳለሁ እናቱ ለጥየቃ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ልጅየው ለጉዳይ ወጣ ብሏል። ሲመሽ እናት ተነሥተው እንደማንኛውም ሰው ግድግዳውን ዳበሱ፤ ጣታቸው ፕላስተሩን ሲያገኘው እጃቸውን ሰበሰቡ። የቤት ሠራተኛዋን ጠርተው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?» አሏት። «አልተበላሸም እማማ፤ በስልክ ነው የሚበራው። ጋሼ እስኪመጡ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም «እንግዲህ እንጠብቃቸዋ» ብለው ተቀመጡ። ከኩሽና በሚመጣው ብርሃን ቡና ጠጣን። ቤቱ ውስጥ ስድስት ስማርት አምፖል ነበረ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ በር አጠገብ፣ በደረት ቁመት የሚቀመጠው ማንም ሳይጠይቅ እንዲያገኘው ነው። ሕፃን ይደርስበታል፣ ሽማግሌ በጨለማ ዳብሶ ያገኘዋል፣ ትናንት ሥራ የጀመረች ልጅ ታውቀዋለች። በስልክ ብቻ የሚበራ መብራት ግን ቤተሰቡን ለሁለት ይከፍላል፤ አፕ ያለውና የሌለው። አባወራው ቤት ከሌለ ቤቱ ጨለማ ነው። «ቤት ለእንግዳ» በሚባልበት አገር እንግዳው መጸዳጃ ቤት ለመግባት የቤቱን ባለቤት መብራት የሚለምንበት አሠራር እድገት ሊባል አይችልም። በድምፅ እንዘዘው እንዳንል አሌክሳም ሆነች ሲሪ የአማርኛ ትእዛዝ አይቀበሉም። የደብረ ብርሃኗ እናት ለመብራት ብለው እንግሊዝኛ ሊማሩ አይደለም።

አምፖሉ የተፈለሰፈው ለሌላ አገር ቤት መሆኑም በብዙ ነገር ያስታውቃል። ዋናው የመብራት መቋረጥ ነው። አብዛኛው ስማርት አምፖል ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ፣ ካልተነገረው በቀር፣ በሙሉ ኃይሉ ይበራል። እንዲህ የተደረገው ሰው በግድግዳው አጥፍቶ ሲያበራው እንደ ተራ አምፖል እንዲታዘዝ ነው፤ በዚያ በኩል ልክ ነው። እዚህ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ የቤቱ አምፖል በሙሉ ቦግ ይላል፤ ሕፃኑም ይነሣል፣ ውሻውም ይጮሃል። ይህን ገበያ በሰፊው ያስተዋወቀው ፊሊፕስ ሂው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። መብራት ሲመለስ አምፖሉ ወደነበረበት እንዲመለስ የማዘዝ ምርጫ የተጨመረለት ግን በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። መብራት የዕለት ተዕለት እንግዳ በሆነበት ከተማ ቢሠራ ኖሮ ያ ምርጫ ስድስት ዓመት ባልጠበቀ ነበር።

የባሰው ደግሞ መብራቱ ሲያንገራግር ነው። መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፤ ሁላችንም ፍሪጁን ለመንቀል የምንሮጥባት ያቺ ደቂቃ ማለቴ ነው። ብዙ ዓይነት አምፖሎች እንደገና ከአዲስ ስልክ ጋር እንዲተዋወቁ የሚደረጉት በተከታታይ በማብራትና በማጥፋት ነው። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዱ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይፈልጋል። የመብራቱ ማንገራገር ለአምፖሉ የባለቤቱ ጣት ይመስለዋል። መብራቱ ሲረጋጋ አምፖሉ የነበረበትን ቤት ረስቶ፣ ብልጭ ድርግም እያለ አዲስ ጌታ ይፈልጋል። ባለቤቱም ስልኩን ይዞ ከክፍል ክፍል እየዞረ እንደገና ያስተዋውቃል።

ከውጭ በሻንጣ የሚመጣው ስጦታም የራሱ ጣጣ አለው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ለቤት ምርቃት ስማርት አምፖል ይዞ ይመጣል። የአሜሪካው አምፖል ጥርስ 26 ሚሊሜትር፣ የእኛው መያዣ 27 ሚሊሜትር ነው፤ ያለ ችግር ይገባል። ኤሌክትሪኩ ግን አይገጥምም። የእነሱ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። አንዳንዱ አምፖል ሁለቱንም እንዲችል ተደርጎ ይሠራል፤ ብዙው ግን አይችልም። አንገቱ ላይ የታተመውን ቁጥር ሳያነብ ያበራው ሰው በውድ የተገዛውን ስጦታ በአንድ ቅጽበት ያሳርረዋል።

ከአውቶማቲክ ሥርዓቶች ሁሉ በጣም የሚወደሰው «ፀሐይ ስትጠልቅ ይብራ» የሚለው ነው። ስቶክሆልም ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ በታኅሣሥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ትቆያለች። አዲስ አበባ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለግቢ መብራት ይህን የሚያህል ኮምፒውተር አያስፈልገንም፤ በሰዓት የሚሞላ ተራ መቆጣጠሪያ ይበቃናል።

«ኃይል ይቆጥባል» የሚለውም ማስታወቂያ ሲመዘን ይቀላል። የቆጠበው ኤልኢዲው ነው፤ ባለ 9 ዋቱ የድሮውን የ60 ዋት አምፖል ሥራ ይሠራል፣ ስማርት ሆነም አልሆነም። ስማርቱ እንዲያውም ጠፍቶም ይበላል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በዚህ ተጠባባቂ ሁኔታ ላይ የሚፈጀው ከ0.5 ዋት እንዳይበልጥ ያዛል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ቤት ውስጥ አሥር አምፖል ዓመቱን ሙሉ ግማሽ ግማሽ ዋት ቢፈጁ 44 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህም ሦስት ባለ 9 ዋት አምፖሎች በየምሽቱ ለአራት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ሲበሩ ከሚወስዱት ይበልጣል። የረሳነውን መብራት ስለሚያጠፋልን ያካክሰዋል የሚል ካለ በእያንዳንዱ ቤት ልማድ ይወሰናል። በኮሪደርና በደረጃ እሺ፤ በቆጣቢ ቤት ግን ኪሳራ ነው።

እንግዲህ ማብሪያ ማጥፊያው ምን ይሻላል? የምመርጠው ዓይነት ከተራው ማብሪያ ማጥፊያ ጀርባ፣ ሳጥኑ ውስጥ የምትደበቅ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ በስልክም የምትታዘዝ ሪሌይ ናት። የቡልጋሪያው ሼሊ እና የቻይናው ሶኖፍ ይህን ዓይነት ይሠራሉ። የግድግዳው ቁልፍ እንደነበረ ይቀራል፤ ሲጫኑት ይበራል፣ ሲጫኑት ይጠፋል። ዋይፋይ ቢቋረጥ፣ ስልክ ቢጠፋ፣ ባለቤቱ ዱባይ ቢሆን ለውጥ የለውም። የሚፈልግ ደግሞ ያንኑ መብራት በስልክ ያዛል፣ ሰዓት ይሞላለታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠፍቶ እንዲቆይ አንዴ ማዘዝ ይቻላል። ከሥር ያለው አምፖል ከሰፈር ሱቅ የተገዛ ነው፤ ሲቃጠል ሌላ ይተካል፣ ብልሃቱ አብሮት አይቃጠልም። በአንድ ማብሪያ ስድስት አምፖል ለሚበራበት ኮርኒስም ስድስት ስማርት አምፖል ከመግዛት አንድ ሪሌይ ይበቃል።

እንቅፋቱን ግን መደበቅ አይገባም። ሪሌይዋ እንድትሠራ ፌዝም (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ኒውትራልም (የሚመልሰው) ያስፈልጋታል። የብዙዎቻችንን ግድግዳ ሲከፍቱት የሚገኘው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። አንዱ ፌዝ ነው፤ ሌላው ወደ አምፖሉ የሚመለስ ነው። ኒውትራሉ ከጃንክሽን ቦክሱ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ሄዷል፤ ለድሮው ቁልፍ ስለማያስፈልግ ሽቦ ይቆጠብ ተብሎ ነው። ያለ ኒውትራል የሚሠሩ ስማርት ማብሪያዎች አሉ፤ በአምፖሉ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ እያሾለኩ ይኖራሉ። ኤልኢዲ አምፖል ሲገጠምላቸው ግን ጠፍቷል ሲባል ጭል ጭል ሊል ወይም ሊያርገበግብ ይችላል፤ ያን ለማቆም አምፖሉ ዘንድ ተጨማሪ ዕቃ መግጠም ያስፈልጋል። በተሠራ ቤት የተሻለው ሪሌይዋን ሁለቱም ሽቦ ወዳለበት ወደ ጃንክሽን ቦክሱ ወይም ወደ ኮርኒሱ ማውጣት ነው። ይህ የቀልድ ሥራ ስላልሆነ ለባለሙያ ይተው። ቤት ገና የሚሠራ ሰው ግን ዛሬውኑ ለኤሌክትሪሽያኑ አንድ ነገር ይንገረው፤ በየማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ኒውትራል ይግባ፣ ሳጥኑም ጠለቅ ያለ ይሁን። ልስን ሳይለሰን ጥቂት ሜትር ሽቦ ነው፤ ከተለሰነ በኋላ መዶሻና መሮ ነው።

በይነመረቡም ሌላ ወጥመድ አለው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኢንስቲዮን የተባለው የአሜሪካ የስማርት ቤት ዕቃዎች ኩባንያ ሰርቨሮቹን ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋ፤ የደንበኞቹም አፕ ባንድ ጊዜ ዱዳ ሆነ። ግድግዳ ላይ እውነተኛ ቁልፍ የነበራቸው ግን መብራታቸውን እያበሩ ቀጠሉ። ሪሌይም ቢሆን ትእዛዙ ባሕር ማዶ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር በስልክ አይታዘዝም። ስለዚህ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከራውተሩ ሳይወጣ የሚሠራውን መምረጥ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የወጣው ማተር የተባለው የጋራ ደረጃ አፕልን፣ ጉግልንና አማዞንን ያስማማው በዚሁ መርህ ነው።

ስማርት አምፖል ቦታ የለውም አልልም። ተከራይ የአከራዩን ግድግዳ ሊቆፍር አይችልም፤ ሲለቅ አምፖሉን ነቅሎ ይዞ ይሄዳል። አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ ከተኛበት ብርሃኑን ቢቀንስ ወይም ቢጨምር ትልቅ እፎይታ ነው። ለጠረጴዛና ለራስጌ መብራት፣ ቀለሙን ማሞቅና ማቀዝቀዝ ለሚፈልግም የሚመች እሱ ነው፤ ሪሌይ ይህን አትችልም። ሳሎን፣ ኮሪደር፣ መጸዳጃ ቤት፣ ኩሽናና በረንዳ ግን የሁሉም ናቸው። የሁሉም የሆነው ነገር ትእዛዙ ከአንድ ሰው ኪስ መውጣት የለበትም።

ሥራውን ለባለሙያ የሰጡ ከሆነ ቀሪውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት አንድ ፈተና ይስጡት። ራውተሩን ይንቀሉ፣ ስልክዎን ያጥፉ፣ ብሬከሩን አውርደው መልሰው ያንሡት። ከዚያ ከቤቱ በዕድሜ የገፉትን ሰው ጠርተው ምንም ሳይነግሯቸው «እስቲ መብራቱን ያብሩልኝ» ይበሏቸው። ካበሩ ሒሳቡን ይዝጉ። ምን ልንካ ብለው ከጠየቁ ግን ሥራው አላለቀም፤ ሠራተኛውን መልሰው ይጥሩት።