በመጀመሪያው ዙር ሜዳልያ የለም

አቃቂ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነን። የሰፈራችን ልጅ የፍሬሽማን አንደኛ ሴሚስተር ውጤቷን ነገረችኝ፦ 2.4። «በቃ፣ ሕክምና የሚባል ነገር ቀረ» አለች። ጎረቤቱም፣ የዶርም ጓደኞቿም ፈርደውባታል። እንዴ! ማን ዳኛ አደረጋችሁ?

የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ሕክምና የሚመኝ ተማሪ በዚያ ውጤት ይመዘናል። ይመዘን! ሰው የሚያክም ሰው ጎበዝ ይሁን። ግን አማካዩ ብቻ ምን ይናገራል? ክሬዲቱ እኩል ከሆነ፣ ከ2.4 ወደ 3.8 የወጣችውም፣ ከ3.8 ወደ 2.4 የወረደውም እኩል 3.1 ናቸው። እኔ ብታመም የወጣችዋ ታክመኝ!

እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ሆስፒታል የማንን ስም ነው የያዘው? የጥሩነሽ ዲባባን። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ሜትር ወርቅ ወሰደች። 10 ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ሜዳልያ የሰጠ ዳኛ አላየንም።

ደግሞስ በ2004 ዓ.ም. በአዲሱ የሕክምና ሥርዓተ ትምህርት 13 ተቋማት ዲግሪ የያዙ ምሩቃንን ለሕክምና ተቀብለው የለም እንዴ? በ19 ዓመቱ ያልገባ ሐኪም አይሆንም ያለው ማነው?

እናንተ መዳቢዎች፣ የሁለተኛውን ሴሚስተር መሻሻል ለብቻው ቁጠሩት። አንቺም እህቴ፣ ለቅሶው ይብቃ። የተሳሳትሽበትን የፈተና ወረቀት አውጪና እዪ፤ ያልገባሽን ከገባው ጋር ቁጭ ብለሽ አጥኚ። የመጨረሻው ዙር ደወል ገና አልተደወለም።