አሥራት የከፈለ ቡና አይታመምም?

ለቀማ ሲደርስ በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት የጸሎት አዳራሾች ሚልክያስ 3፥10-11 ከሌላው ጥቅስ ሁሉ ቀድሞ ይከፈታል። አሥራቱ ጎተራ ከገባ ሰማዩ ይከፈታል፣ አዝመራ አጥፊውም ይገሠጻል የሚለው ነው። ሰባኪው ከዚያ ወደ ቡናው ይመጣል። ፍሬው የረገፈበት ካለ ምን እንዳጎደለ ራሱን ይመርምር ይላል፤ ሁሉን የሚችል አምላክ ያለ ምክንያት አይመታምና።

እውን እንዲህ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ የደጋውን ቡና አዳረሰ። ገና ባልቀላው ፍሬ ላይ ጠቆር፣ ሰርጎድ ያለች ነጥብ ትወጣለች። ነጥቧ እየሰፋች ሄዳ ፍሬውን ትውጠዋለች፤ ፍሬው ጠቁሮ ይደርቅና ወይ ይረግፋል፣ ወይ እንደ ከሰል ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ዛፉ ግን እንደለመለመ ነው፤ ከሩቅ ላየው ምንም አልሆነም። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ከፍሬ ወደ ፍሬ የሚሻገረው በዝናብ ጠብታ ነው፤ ብርድና እርጥበት ሲበዛ ይበረታል።

እንግዲህ ልጠይቅ። ሰማዩ ተከፍቶ የወረደው ዝናብና በሽታውን ያዛመተው ዝናብ አንድ ከሆነ የቱን ጠብታ በረከት፣ የቱን መርገም እንበለው? ከፋዩና ያልከፈለው ጎረቤቱ የሚለያያቸው አንድ አጥር ነው፤ ፈንገሱ አጥሩ ጋ ሲደርስ ደረሰኝ ይጠይቃል? በጎማና በማና ወረዳዎች ቡና የሚያለማው አብዛኛው ገበሬ ሙስሊም ነው፤ ዘካውን ያወጣል እንጂ የአዳራሹን አሥራት አያውቀውም። የእሱስ ቡና በምን ሂሳብ ያፈራል? ደግሞም የጅማው የመልኮ ምርምር ማዕከል ኢሉባቦር ውስጥ ከመቱ አካባቢ ከተገኙ የቡና ዛፎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጣ፤ 74110 እና 74112 ከእነሱ መካከል ናቸው (መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የምርጫው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974 ነው)። አጥፊው ተገሥጿል ከተባለ በማን እጅ ተገሠጸ?

ሰባኪው ነገሩን ከራሱ አላፈለቀውም፤ ይህ ይታወቅለት። ዘዳግም 28 አለ። ለሚታዘዝ ዝናብ በወቅቱ፣ ለማይታዘዝ ደግሞ ናስ የሆነ ሰማይና ብረት የሆነ ምድር። ግን ይህ አነጋገር ከየት መጣ? የአሦር ንጉሥ አስራዶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ672 ገባሮቹን ያስማለበት ውል በሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ ተገኝቷል፤ ውሉን የሚያፈርስ በዚያው በናስ ሰማይና በብረት ምድር ይረገማል። ብዙ ሊቃውንት የዘዳግም ጸሐፊዎች የንጉሠ ነገሥቱን ቋንቋ ነጥቀው ለአምላካቸው ሰጡት ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ድፍረታቸው የሚደነቅ ነው፤ ጌታችን አሦር አይደለም ማለታቸው ነበር።

ጅማ የንጉሠ ነገሥትን ቋንቋ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ንጉሧ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው ዙፋናቸውንም ሃይማኖታቸውንም አቆዩ። ግብሩ በየዓመቱ እስከገባ ድረስ መናገሻቸው ጂሬን በራሷ ሰው ተዳደረች። ብልህ ፖለቲካ ነበር። በግብር የሚበርድ ቁጣ ግን የንጉሠ ነገሥት ቁጣ ነው። ሁሉን የሚችል አምላክም በዚሁ ይበርዳል?

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስለ አምላክ ሁሉን ቻይነት አንድ ድምፅ የለውም። መሳፍንት 1፥19 ሲሰበክ የሰማ አለ? እግዚአብሔር ከይሁዳ ጋር ነበረ፤ ይሁዳም ተራራማውን አገር ያዘ፤ የሸለቆውን ሰዎች ግን የብረት ሰረገላ ስለነበራቸው ማስወጣት አልቻለም። አብሮት ያለው ሁሉን ቻይ ከሆነ ብረት ምን ያግዳል? 2ኛ ነገሥት 3፥27 ላይ የሞዓብ ንጉሥ ሲጨንቀው የበኩር ልጁን በቅጥሩ ላይ ሠዋ፤ ታላቅ ቁጣም በእስራኤል ላይ ሆነና ጥለው ተመለሱ። የማን ቁጣ? ጸሐፊው ዝም ብሏል። ያው ንጉሥ ያስጻፈው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1868 በዲባን ተገኝቷል፤ ሞዓብ የተጨቆነችው አምላኳ ካሞሽ በምድሩ ስለተቆጣ ነው ይላል። የአዳራሹ ስብከት በሌላ አምላክ ስም ማለት ነው።

ኢሳይያስ 45ስ፣ ብርሃኑንም ጨለማውንም የሚሠራ አንድ እሱ ነው ይል የለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ይላል። ግን ለማን ተነገረ? መቅደሱ ተቃጥሎ ባቢሎን ለተጋዘ ሕዝብ ነው። የአምላክ ሥልጣን ያን ያህል ከፍ ብሎ ሲነገር ተናጋሪዎቹ ጦርም ጎተራም አልነበራቸውም። ዛሬ ያንኑ ቃል የሚጠቅሰው ሰው የአሥራት ሣጥን ይዞ ቆሟል።

ኢዮብ ግን ይህን ስብከት ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ሦስቱ ወዳጆቹ የሚሉት ከሰባኪያችን ቃል አይለይም፤ ራስህን መርምር፣ የጎደለ ነገር አለ። ምዕራፍ 38 ላይ አምላክ በዐውሎ ነፋስ ሲናገር ስለ ኢዮብ በደልና ጽድቅ ሂሳብ አያወራርድም። ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ዝናብን የሚያዘንብ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። እዚያ አሥራቱን ማን ከፈለ? 42፥7 ላይ ደግሞ የሚቆጣው በከሳሹ በኢዮብ ላይ መስሎን ስንጠብቅ፣ ጠበቃ ሆነው በቆሙለት ወዳጆች ላይ ነው።

ሚልክያስንም ከቁጥር 10 ይልቅ ከቁጥር 5 እንጀምረው። አምላክ ለፍርድ የሚቀርበው የሠራተኛውን ደመወዝ በሚያስቀሩት፣ መበለትና ወላጅ አልባን በሚያስጨንቁት፣ መጻተኛውን በሚገፉት ላይም ነው፤ አሥራቱ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በዘዳግም 14 መሠረት የሦስተኛውን ዓመት አሥራት ከሚበሉት አንዱም ያው መጻተኛ ነው። በየለቀማው ከሌላ ወረዳ መጥቶ በኪሎ ሂሳብ የሚለቅም ሰው አለ። ማታ እሸቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩን የሚያነብለት ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ሰው ነው። ሚዛኑ ቢጎድልበት አቤት የሚልበት ጥቅስ ቁጥር 5 ነው። አዳራሹ ውስጥ ለምን አይነበብለትም? ሣጥኑ ሲከፈትስ ከእሱ ኪሎ የተቀነሰው ከአሥራቱ ጋር አብሮ ይቆጠራል?