ሄሊኮፕተር በሳሎናችን

ባለፈው እሁድ ልጄ ቤት ቡና ልጠጣ ብዬ ብገባ፣ ሳሎኑ መሃል አሮጌ የመኪና ወንበር ጣውላ ላይ በብሎን ታስሮ ተገትሯል። በግራው እንደ እጅ ፍሬን ያለ ዘንግ፣ ከፊቱ የታጠፈ ቱቦ፣ ከሥሩ ሁለት የእንጨት ፔዳሎች። የአሥራ አራት ዓመቱ የልጅ ልጄ «እማማ፣ ነይ ተቀመጪ፤ ሄሊኮፕተር ነው» አለኝ። እናቱ ደግሞ ከጓዳ ሆና «እማዬ፣ እስኪ አንቺ ተው በይው፤ የእኔን አልሰማ ብሏል። ፈተናው ደርሷል» አለች።

ይህ ጭቅጭቅ በስንቱ ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት ነገሩ ምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ ጠየቅሁ።

ኮምፒውተር ላይ በረራን የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሲሙሌተር ይሏቸዋል። የእኛው ልጅ የሚጠቀምበት ፍላይትጊር የሚባለው በነጻ የሚገኝ ነው። ሄሊኮፕተር ግን በኮምፒውተር ቁልፍ አልገራ ይላል፤ ሁለቱም እጆችና ሁለቱም እግሮች በአንድ ጊዜ ሥራ አላቸው። በግራ እጅ የሚያዘው ኮሌክቲቭ ወደ ላይ ሲሳብ፣ አናቱ ላይ የሚሽከረከሩት ክንፎች ሁሉ እኩል ዘንበል ብለው አየሩን ይበልጥ ይገፋሉ፤ ሄሊኮፕተሩም ይነሳል። በቀኝ እጅ የሚያዘው ሳይክሊክ ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን ይወስደዋል። ፔዳሎቹ የጭራውን ትንሽ ማራገቢያ ያዛሉ፤ እሷ ባትኖር የላዩ ሲሽከረከር አካሉ በተቃራኒው ይዞር ነበር። አንዱን ሲነኩ ሌላው ይዛባል።

ወንበሩ ኮምቦልቻ ጋራዥ ካለው አጎቱ የተገኘ ነው፤ በሚኒባስ ተጭኖ ሐረጎን ወጥቶ መጣ። ቱቦውን የበየደውም አጎትየው ነው፤ ብየዳውን ለልጁ አለመፍቀዱ ደስ ብሎኛል። መገጣጠሚያው ላይ ኩሽኔታ አለ። በየዘንጉ ሥር ደግሞ ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ የድምፅ መጨመሪያ ተገጥሟል። ዘንጉ ሲንቀሳቀስ እሱ ይዞራል፤ አርዱዪኖ ሊዮናርዶ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ምን ያህል እንደዞረ ለኮምፒውተሩ ትነግራለች። በገንዘብ የተገዙት እሷና ገመዷ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ አልሠራም። ኮሌክቲቩ ሲሳብ ሄሊኮፕተሩ ግማሽ መንገድ ዝም ይልና በድንገት ይፈናጠራል። ልጁ ሁለት ሳምንት ሲፈታና ሲገጥም ከርሞ ምክንያቱን አገኘው። የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ብዙውን ጊዜ ለጆሯችን ተስማምቶ የሚሠራ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በጥቂቱ፣ ወደ መጨረሻው በብዙ ይጨምራል። ለዘንግ የሚያስፈልገው እኩል እኩል የሚጨምር ነው፤ እሱን ከሌላ ዕቃ ፈታ። ቀጥሎ ደግሞ በሞላ ወደ ቦታው እንዲመለስ ያደረገው ዘንግ አስቸገረው። የሄሊኮፕተር ኮሌክቲቭ እጅ የተወው ቦታ ላይ መቆየት አለበት። አጎቱ ሞላውን አውጥቶ በፍሬን ሸራ ቁራጭ ጠበቅ አደረገለት። ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ጥናት ካለ ይንገሩኝ።

ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ ግን እኔ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴ የነበረ ሰው ይገባዋል። ልጁ ያኔ አሥር ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ፣ ኮምቦልቻ የሚያርፍ የመንገደኛ አውሮፕላን እንኳ ቢሆን፣ አልጋ ሥር ይገባ ነበር። በነርስነት ዘመኔ መርፌ የተወጋ ልጅ እቤቱ ሄዶ አሻንጉሊቱን እንደሚወጋ ብዙ አይቻለሁ። ጨዋታው እየተለወጠ ከሄደ ደግ ነው። ያው አስፈሪ ነገር ብቻ ከተደጋገመ፣ እንቅልፍም ከነሳው፣ ወደ ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል። ምን እንደሚጭን ስጠይቀው «ከደላንታ ምጥ የጠናባት ሴት፤ ወደ ደሴ ሆስፒታል» አለኝ። ዝም አልኩ። በ1977ቱ ድርቅ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች እህል ከአውሮፕላን በሚጣልባቸው ቦታዎች ቀድመው እያረፉ ያመቻቹ እንደነበር ነገርኩት።

እናቱ «ቆሻሻ ብረት» ስትል ደግሞ ይህንንም ነገርኳት። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የበረራ መለማመጃውን የሠራው ከአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ባገኘው ወናፍ ነበር። የእኛው አስመላሽ ዘፈሩም የጤና ትምህርት የተማረ ሰው ነው። የራሱን አውሮፕላን በቮልስዋገን ሞተር ሠርቶ በ2007 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ሊያበር ሲሞክር ፕሮፔለሩ ተሰበረ። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ ቁመቱ በአንድ ሴንቲሜትር አጥሮ እንደቀረም ተናግሯል።

ለዚህ ነው «ፓይለት ትሆናለህ» ብላችሁ ቃል አትግቡ የምለው። የሕክምና ምርመራው ብዙ ነገር ያያል። ቀለም የመለየት ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል፤ ልጁ በሙያው ከቆረጠ በጊዜ ማስመርመር አይከፋም።

ያስቆጣኝ ሌላ ነው። ሽቦዎቹን በቀለጠ እርሳስ የሚያያይዘው እንጀራ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮት ዘግቶ ነው። የሦስት ዓመት እህቱ ሥሩ ትድኻለች። እርሳስ በእጅ በኩል ወደ አፍ ይገባል፤ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ጭሱም አስም ያለበትን ያፍናል። አሁን ሥራው በረንዳ ላይ ሆኗል፤ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ የለም፤ ጠረጴዛውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ከእናቱ ጋር የተስማማነው እስከ ፈተናው ድረስ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ እንዲሆን ነው። እኔም ተቀምጬ ሞከርኩት። ከመሬት ተነስቼ ሦስት ጊዜ ዞርኩና ዛፍ ላይ ወደቅሁ። የግራው ፔዳልም ተሰነጠቀ፤ አጎቱ በብረት ሊሠራው ቃል ገብቷል።