ብርዱ ያዘናጋናል

«አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ዳታ ማዕከል ማቀዝቀዝ አያስቸግርም» ሲባል እንሰማለን። ግማሽ እውነት ነው። የውጭውን አየር መጠቀም ኤሌክትሪክ ይቆጥባል። ችግሩ ክረምት ላይ ነው።

በዘርፉ የተለመደው መመሪያ ወደ ሰርቨር የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም ከተወሰነ መጠን ያልበለጠ እንዲሆን ይመክራል። የሐምሌ አየር ይህን የሚያሟላው ከሰርቨሮቹ ከሚወጣው ሙቅ አየር ጋር ተመጥኖ ሲደባለቅ ነው። የእርጥበት መለኪያው ከተሳሳተ ወይም የአየር መቀላቀያው ከተጣበቀ እርጥበቱ በቀጥታ ይገባል። በበጋ የተከማቸው አቧራ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ የሰርቨሩን ብረት ይበላል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ውኃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው።

ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የያዘ ሁሉ ደኅንነቱን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ባንኩም ሆነ ሆስፒታሉ ሰርቨሩን ሌላ ዘንድ ስላስቀመጠ ከኃላፊነት አያመልጥም። ስለዚህ ውሉ የኪራይ ዋጋን ብቻ መያዝ የለበትም። ማጣሪያዎች ከሰኔ በፊት መቀየራቸውን፣ መለኪያዎች መፈተሻቸውን፣ የጥገና መዝገቡም ለደንበኛው ክፍት መሆኑን በግልጽ ይደንግግ። መሣሪያ ለመግዛት የሚገኘው በጀት ለጥገና ሲሆን የሚጠፋ ከሆነ ዕዳውን የሚከፍለው መረጃውን አምኖ የሰጠው ዜጋ ነው።