ሳይለኩ ነዳጅ መክፈት

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ምክር ለልብስ ሰፊና ለአናጢ ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል። ዛሬ ግን ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው፣ ቱርቦ ያለውን አውቶማቲክ መኪና «ጉልበቱን አወጣዋለሁ» እያለ የነዳጁን መሥመር ለሚነካካ ወጣት ነው። አንዲት መኪና በምሽት እያጓራች ስታልፍ «ይኽችማ ተሠርታለች» እንባባላለን። ምኗ እንደ ተሠራና በምን መሣሪያ እንደ ተለካ የሚጠይቅ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። የእኔ አሳብ አጭር ነው፤ ነዳጅ መጨመር ጉልበት መጨመር አይደለም፤ በተለይም እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ላይ፣ ከሌላ አገር ተቀድቶ የመጣ ልክ ሞተር ይገድላል።

«የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ በሞተር ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ሞተር ሲቃጠል የባለቤቱን ፋኩልቲ አይጠይቅም፤ የሚጠፋውም ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የወላጅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሁላችንንም ያገባናል።

ከመሠረቱ እንጀምር። ቤንዚን ያለ አየር አይነድም። 1 ኪሎ ቤንዚን በሙሉ ይነድ ዘንድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። እንግዲህ የሞተርን ጉልበት በመጀመሪያ የሚወስነው የሚገባው አየር ሲሆን፣ ነዳጅ የአየር ተከታይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩቡን ያህል እዚህ ያጣል። በዚህ ላይ ነዳጅ ቢያፈሱለት ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል እንጂ አይበረታም።

ቱርቦ ለዚህ ችግር መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እ.ኤ.አ. አሳቡን በስሙ ያስመዘገበው፣ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ መዘውር እያዞረ አየር መልሶ ወደ ሞተሩ እንዲገፋ ነበር። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ላይ ወጣ። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሲሰጥ፣ በቱርቦ ግን 356 ሰጠ። ከዚህ የምንረዳው ቱርቦ የደገኛ ወዳጅ መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ ወዳጅም ልክ አለው። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት 1 ባር ያህል ነው። የዱባይ ባለሙያ በዚያ ላይ 0.7 ባር ቢጨምርበት ሞተሩ የሚያገኘው 1.7 ባር ይሆናል፤ ቱርቦውም አየሩን 1.7 ጊዜ አጠፈው ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የምንነሣው ከ0.77 ባር ገደማ ነው። ያንኑ 1.7 ለማግኘት ቱርቦው አየሩን 2.2 ጊዜ ማጠፍ አለበት። መዘውሩ ከታሰበለት ፍጥነት በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ አየሩም እጅግ ይግላል። የጋለ አየር ደግሞ ነዳጁን ያለ ጊዜው ያፈነዳዋል። ያ ፍንዳታ ፒስቶኑን እንደ መዶሻ እየቀጠቀጠ ይሰብረዋል። እንግዲህ ቁጥሩን ከዱባይ የቀዳ ሰው፣ ከቁጥሩ ጋር የዱባይን አየር ይዞ አለመምጣቱን ማስታወስ ይገባዋል።

ወደ ነዳጁ ስንመጣ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው «የነዳጁን ግፊት በሢሶ ብጨምር ነዳጁ በሢሶ ይጨምራል» ማለት ነው። በውነቱ ግፊቱ ከ3 ባር ወደ 4 ባር ቢወጣ ከኢንጄክተሩ የሚረጨው ነዳጅ የሚጨምረው በመቶ 15 ያህል ብቻ ነው። ፓምፑም ግፊቱ በከበደበት መጠን የሚያቀርበው ነዳጅ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ስሕተት ቱርቦው በነዳጁ ላይ የሚያደርገውን ተቃውሞ መርሳት ነው። ነዳጁ በ3 ባር ሲረጭ ቱርቦው ከፊት ለፊት በ0.7 ባር ቢገፋው የሚቀረው 2.3 ነው፤ ነዳጁም በመቶ 12 ያህል ይጎድላል። ሞተሩ አብዝቶ በተጠማ ሰዓት ማድጋው ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ በብዙ መኪናዎች ላይ የነዳጁ ግፊት ከአየሩ ጋር አብሮ ከፍ እንዲል የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አለ። ወደዚያ መቆጣጠሪያ የምትሄደው ቀጭን ጎማ ብትሰነጠቅ ወይም ፊልትሮው ቢደፈን ሞተሩን ለመግደል ይበቃል። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጭነት ጊዜ ለ1 ኪሎ ነዳጅ ከ11.5 እስከ 12 ኪሎ አየር ቢያገኝ ይስማማዋል፤ ትርፉ ነዳጅ እሳቱን ያቀዘቅዝለታልና። ነዳጁ ከዚህ ቢያንስ ፒስቶን ይቀልጣል፤ እጅግ ቢበዛ ደግሞ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል። ይኸን ልክ የሚናገረው በጭሱ መውጫ ላይ የሚተከል፣ ቁጥር የሚያሳይ የኦክስጅን መለኪያ ነው። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከፋብሪካ የመጣው መለኪያ «በዛ» ወይም «አነሰ» ከማለት በቀር ስንት እንደ ሆነ አይናገርም።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ነገሩን ያከብደዋል። በእጅ ማርሽ የሚነዳ ሰው ማርሽ በለወጠ ቁጥር እግሩን ያነሣል፤ ሞተሩም ለቅጽበት ይተነፍሳል። በአውቶማቲክ ግን እግር እንደ ተጫነ ይቆያል፤ ጭነቱም ሙቀቱም አያቋርጥም። ከዚህም ሌላ በዘመናዊው አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች ምን ያህል መጨበጥ እንዳለባቸው የሚሰላው ሞተሩ ስለ ጉልበቱ ከሚያቀርበው ወሬ ነው። አንዳንዶች ለኮምፒውተሩ «የገባው አየር ጥቂት ነው» እያለች የምትዋሽ ትንሽ ሣጥን ያስገባሉ። ለሞተሩ የተነገረውን ውሸት ካምቢዮውም ይሰማል፤ አምኖም አላልቶ ይጨብጣል። ሰሌዳዎቹ ይንሸራተታሉ፣ ዘይቱ ይቃጠላል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በመኪናይቱ አሠራር ያላክካል።

«መካኒኮቻችን በጆሮአቸው ያውቃሉ» የሚሉ አሉ። ያን ጆሮ የሚንቅ ሰው አላዋቂ ነው፤ ካርቡራቶርን በጆሮና በጠመንጃ መፍቻ አስተካክሎ አገር ያዞረ ጆሮ ነውና። ነገር ግን የነዳጅ ማነስ ድምፅ የለውም፤ የሚሰማው ፒስቶኑ ከተበሳ በኋላ ነው። ሌሎች ደግሞ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ መንግሥትም የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከሉን በ2024 እ.ኤ.አ. አስታውቋል» ይላሉ። እንዳይገባ መከልከል የገባውን አያስወጣም። እንዲያውም ተተኪ የማይመጣለት መኪና ከቀድሞው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። «መለኪያው ውድ ነው» ለሚለውም መልሱ አንድ ነው፤ የመለኪያውን ዋጋ ከአንድ ሞተር ዋጋ ጋር ያስተያይ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያንኛ ወስዶ አማርኛ ያደረጋቸው ጋራዥ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ዛሬ ለመጡት ለአዲሶቹ ዕቃዎችና ስሌቶችም መካኒኩ ብቻውን ስም እንዲያወጣ መተው ለእኛ ነውር ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን የምሕንድስና ተማሪዎችንና የጋራዥ ሰዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጥ፤ የሚነጋገሩትንም እኛ የአርትስ ተማሪዎች በግልጽ አማርኛ በሁለት ገጽ እናባዛው። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ፊልትሮውና የፓምፑ ግፊት መኪናው በጭነት ላይ ሳለ ይለካ፤ ቀጥሎ የአየር ጎማዎቹ እንዳያፈሱ ይታዩ፤ ከዚያ የነዳጁና የአየሩ ልክ ይነበብ፤ የቱርቦው ግፊት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ያውም በጥቂት በጥቂቱ፣ ይጨመር። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለውም አዳማ በ1,600 ሜትር፣ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ዳግመኛ ይታይ፤ አየሩ እየወፈረ ይሄዳልና።

መኪና መውደድ ነውር አይደለም፤ ጉልበት መሻትም እንዲሁ። ነገር ግን እኛ መማራችን በምን ይታወቃል? ሌላው በግምት የሚያደርገውን በልክ ስናደርግ ነው። መለኪያ የሌለው ሰው እስኪያገኝ ድረስ ነዳጁን እንደ ነበረ ይተወው።