በነፃ የተማሩ አባቶች፣ በዕዳ የሚማሩ ልጆች

አበው "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይላሉ። ቃል ከልጅም ትበልጣለች ማለታቸው ነው። የእንግሊዝ ፖለቲከኞች ይህን ተረት የሚነግራቸው አላገኙም መሰለኝ። እነሱ ዘንድ የተናገሩትም ጠፋ፣ የወለዱትም በዕዳ ተያዘ።

ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። ከአገር ከወጣች ሃያ ዓመት አልፏታል። አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። በመስከረም 2025 (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ደወለችና "ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባችልኝ!" አለችኝ። እልል ልል ስል "ቆይ አትቸኩል" ብላ አቋረጠችኝ። "ሥራ ሳትይዝ ዕዳ ያዘች። የፈረመችበትን ወረቀት አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ በአንድ ላይ አይቼው የማላውቀውን ገንዘብ ነው የተበደረችው።"

"የራሳችን ስንት ጉድ እያለ የእንግሊዝ ተማሪ ምናችን ነው?" የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ትንሽ ይታገሡኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛም ደጃፍ ይደርሳል።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ልጅቱ በገባችበት ዓመት የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ከአገሩ ተማሪ ማስከፈል የሚችሉት ጣሪያ 9,535 ፓውንድ ነበር። በዚህ ዋጋ ሦስት ዓመት ሲባዛ 28,605 ይሆናል። ይህ ለትምህርቱ ብቻ ነው። ለምግቧና ለመጓጓዣዋ ደግሞ ሌላ ብድር አለ። ሁለቱ ሲደመሩ የድሃ ልጅ ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ተሸክማ ትመረቃለች። ሥራ ይዛ ገቢዋ በዓመት ከ25 ሺህ ፓውንድ ካለፈ፣ ከበላዩ ካለው ላይ 9 በመቶ ይቆረጥባታል። በ40 ዓመት ውስጥ ካላለቀ ይሰረዝላታል። በ18 ዓመቷ የፈረመች ልጅ ስድሳ ዓመት ሲያልፋት፣ ምናልባትም አያት ስትሆን፣ ዕዳው ይለቃታል ማለት ነው!

የባሰውን ልንገራችሁ። ድሮ ለድሃ ተማሪ የማይመለስ የመኖሪያ ድጎማ ነበር። በ2016 ለአዲስ ገቢዎች ቀረና በብድር ተተካ። ብድሩ ደግሞ ወላጅ ባጣ ቁጥር ይጨምራል። የሀብታም ልጅ አባቱ ከኪሱ ከፍሎለት ነፃ ሆኖ ሲወጣ፣ የእትዬ ልጅ ግን ድሃ ስለሆነች ብቻ የበለጠ ባለዕዳ ሆና ትወጣለች። በ2025 መገባደጃ መንግሥት ለተወሰኑ የትምህርት ዓይነቶች ድጎማውን ወደፊት እመልሳለሁ ብሏል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከውጭ አገር ተማሪዎች ላይ ከሚሰበሰብ ቀረጥ! ለድሃው የሚሰጠው ከእንግዳው ተወስዶ ነው።

ያ አገር ሁልጊዜ እንዲህ ነበር? የለም። በ1962 የወጣው የትምህርት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን የትምህርት ክፍያ እንዲሸፍኑ፣ እንደ ወላጅ ገቢም የመኖሪያ ድጎማ እንዲሰጡ ያስገድድ ነበር። ሚስተር ቶኒ ብሌር በ1970ዎቹ ኦክስፎርድ ሕግ ሲያጠኑ ዘመኑ ይኸው ነበር። በ1990፣ በወይዘሮ ታቸር የመጨረሻ ዓመት፣ የመኖሪያ ብድር ተጀመረ። ከዚያ "ትምህርት፣ ትምህርት፣ ትምህርት" እያሉ የቀሰቀሱት ሚስተር ብሌር በ1997 ሥልጣን ያዙ። በቀጣዩ ዓመት ተማሪው 1,000 ፓውንድ ክፈል ተባለ። ራሳቸው የወጡበትን መሰላል ሲጨርሱ አነሡት።

አሁን ቃላቸውን እንቁጠር።

አንድ። የብሌር ፓርቲ በ2001 የምርጫ ሰነዱ ተጨማሪ ክፍያ አናመጣም ብሎ ጻፈ። በጥር 2004 ሕጉን ፓርላማ አቀረበ። 316 ለ311፣ በአምስት ድምፅ ብቻ አለፈ። ከ2006 ጀምሮ ክፍያው እስከ 3,000 ፓውንድ ደረሰ።

ሁለት። በ2010 የሊበራል ዴሞክራቶቹ መሪ ኒክ ክሌግና የፓርቲያቸው ዕጩዎች "ማንኛውንም ጭማሪ እንቃወማለን" ብለው በፊርማቸው አረጋገጡ። ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ተጣምረው ወንበር በያዙ በወራት ውስጥ፣ በታኅሣሥ 2010፣ ጣሪያው ወደ 9,000 እንዲወጣ በ323 ለ302 ድምፅ ተወሰነ። ክሌግ ራሳቸው ደግፈው ድምፅ ሰጡ። ውጭ ተማሪው ከፖሊስ ጋር ግብ ግብ ገጥሞ ነበር። ክሌግ በ2012 ይቅርታ ጠየቁ፤ ይቅርታቸውንም ቀልደኞች ዘፈን አደረጉት።

ሦስት። ሰር ኪር ስታርመር በ2020 የሌበር ፓርቲን መሪነት ሲወዳደሩ ክፍያውን አስቀራለሁ አሉ። በ2023 ሐሳባቸውን ለወጡ። በ2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት መንግሥታቸው ጭማሪ አወጀ። የእትዬ ልጅ የፈረመችበት 9,535 ፓውንድ የዚያ ጭማሪ ውጤት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በታች ያለውስ? ከ16 እስከ 18 ዓመት ያለ የድሃ ልጅ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ለአውቶቡስና ለምሳ በሳምንት እስከ 30 ፓውንድ ይሰጠው ነበር። ያው የጥምር መንግሥት በእንግሊዝ አቋረጠው። ስኮትላንድና ዌልስ ግን አላቋረጡትም። በ2023 ደግሞ የትምህርት መክፈቻ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከመቶ በላይ ትምህርት ቤቶች ሕንፃቸውን እንዲዘጉ ታዘዙ። ለምን ቢባል፣ ጣሪያው የተሠራበት ቀላል ኮንክሪት ሊናድ ይችላል ተብሎ። ገንዘብ ጠፍቶ ነው እንዳንል አገሩ እንግሊዝ ነው!

ለእውነት እንቁም። ክፍያውን የሚደግፉት ሰዎችም የሚሉት አላቸው። "ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ነጂና ግንበኛ ለወደፊቱ ሐኪምና ጠበቃ ለምን ይክፈል?" ይላሉ። ገቢው አነስተኛ የሆነ አይከፍልም፤ እንደ ባንክ ብድር ቤት አያሸጥም። ክፍያው ወደ 9,000 ከወጣ በኋላም ከድሃ ቤት በወጣትነታቸው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ቁጥር አላሽቆለቆለም። ይህ እውነት ነው። እየሠሩ በትርፍ ጊዜ የሚማሩት ጎልማሶች ቁጥር ግን ክፉኛ ወርዷል። ይህም እውነት ነው። ደግሞስ የተማረ ይክፈል ከተባለ፣ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በነፃ ተምረው ዛሬ ባለሕንፃ የሆኑት ለምን አልተጠየቁም? ሒሳቡ የተላከው ገና ላልተወለዱት ነው።

ለምን መሰላችሁ? የ12 ዓመት ልጅ አይመርጥማ! ያው በ2010 የተማሪውን ክፍያ ያናረው መንግሥት፣ በዚያው ዓመት ለጡረተኞች በየዓመቱ ቢያንስ 2.5 በመቶ የሚጨምር ዋስትና ሰጠ። ጡረታው መሻሻሉን አልቃወምም፤ ሽማግሌ መጦር አለበት። ግን ጡረተኛው ተሰልፎ ይመርጣል፤ ልጁ አይመርጥም። መንግሥት ቃሉን ሊያጥፍ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመለከተው ማን ድምፅ እንደሌለው ነው።

እንዲህም ሆኖ አንድ ነገር ያስቀናኛል። እዚያ አገር ቃሉን ያጠፈው ሰው ስሙ ተመዝግቧል። ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ስንት ለስንት እንደነበር እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ እዘረዝርላችኋለሁ። ሕዝቡም መዝገቡን አልረሳም። 57 የነበረው የሊበራል ዴሞክራቶቹ መቀመጫ በ2015 ምርጫ ወደ 8 ወረደ። ክሌግም በ2017 ወንበራቸውን ተነጠቁ። ብድር በምድር ይሏል ይኼ ነው!

እኛስ? ወጪ መጋራት የሚባለው በ2003፣ በእኛ 1995 መጨረሻና 1996 መባቻ ላይ፣ በአዋጅና በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መጣ። ምሩቁ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይክፈል ተባለ። የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊ ራሳቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ነበሩ። በዚያ ዘመን ወጪ መጋራት የሚባል ነገር አልነበረም። የእኛም አባቶች በነፃ ወጥተው መሰላሉን አነሡት ማለት ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ድምፁ ስንት ለስንት ነበር? ማን ተቃወመ? ማንስ በዚህ ምክንያት ወንበሩን አጣ? አስታውሱ እስቲ። አላስታወሳችሁም፤ ምክር ቤቱ በአንድ ግንባርና በአጋሮቹ የተሞላ ነበርና የሚታወስ ክርክር አልተረፈልንም። የእንግሊዝ ልጅ ዕዳ ሲጫንበት የሚወቅሰውን ሰው በስም ያውቃል። የእኛ ልጅ ዕዳውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከፈረንጅ መቅዳት ከማይቀር፣ ክፍያውን ብቻ ቀድተን መዝገቡን አንተው። ማንኛውም ፓርቲ በምርጫ ሰሞን ስለ ትምህርት የሚገባውን ቃል ጽፎ ይፈርም፤ እኛም ጽፈን እንያዝ። ልጅ ያለው ሰው ልጁን ወክሎ ይመርጣልና።

እትዬን መልሼ ደውዬ አጽናናኋት። "ልጄ ትማር፣ የዕዳው ነገር ይደረስበታል" አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ "ግን እነዚያ ጌቶች ሲማሩ ማን ነበር የከፈለላቸው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የዚያን ጊዜ እንዳንቺ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ግብር ነዋ፣ እትዬ" አልኳት።

"ታዲያ እኔም ሃያ ዓመት ግብር ከፍያለሁ እኮ! የልጄ ድርሻ የት ሄደ?"

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋን እዚህም ላሉ ጌቶች አሳልፌዋለሁ።