የእህል እርጥበት መለኪያ ሲመረጥ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

እህል በማሳ ላይ ሳለ የሚደርስበትን ጉዳት ገበሬውም የልማት ሠራተኛውም በዓይኑ ያየዋል። ጎተራ ከገባ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የዚህ ጉዳት ዋነኛ መነሻ እርጥበት ነው። በሚገባ ሳይደርቅ የተከማቸ እህል ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝም በቀላሉ ይራባበታል። ከሻጋታዎቹም አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫሉ፤ ይህም መርዝ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር ተጠርጎ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በእርጥበት የተበላሸ በቆሎ ባስከተለው የመመረዝ አደጋ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ መሞታቸው ተመዝግቧል። ብዙው በቆሎ ከሩቅ የመጣ ሳይሆን ገበሬዎቹ ራሳቸው አምርተው በየቤታቸው ያከማቹት ነበር።

እንግዲህ እህሉ ከመከማቸቱ በፊት «ደርቋል ወይስ አልደረቀም?» የሚለውን ጥያቄ በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። ማኅበራት ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ለመግዛት ሲያስቡ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «የትኛው ይሻላል?» ብለው ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች መቅደም አለባቸው፤ መሣሪያው ምን ለመወሰን ይፈለጋል? ትክክለኛነቱን ማን ያረጋግጣል? ንባቡንስ ማን ያየዋል? እነዚህ ሳይመለሱ የሚገዛ መሣሪያ፣ ዋጋው ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ከግምት አያሻልም።

1. ጥርስና እጅ

ገበሬው እህሉን ቆርጥሞ፣ አፍሶ ድምፁን አዳምጦ፣ እጁን ክምሩ ውስጥ አስገብቶ ሙቀቱን ለይቶ መድረቁን ያውቃል። ይህ ልምድ የሚናቅ አይደለም። በግልጽ እርጥብ የሆነውን እህል ከደረቀው ይለያል። ችግሩ ያለው በመካከሉ ነው። ለማከማቸት በቆሎ፣ ስንዴና ማሽላ እርጥበታቸው ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። 13 በመቶ እርጥበት ያለውን በቆሎ 15 በመቶ ካለው በጥርስ መለየት ግን አስቸጋሪ ነው። ክረምቱን ደኅና የሚያልፈውንና የሚሻግተውን እህል የሚለየው ደግሞ ይኸው ትንሽ ልዩነት ነው።

2. የጨው ጠርሙስ

ወጪ የማይጠይቀው ዘዴ የጨው ሙከራ ነው። በሚገባ የደረቀ፣ ውስጡ የሚታይ የብርጭቆ ጠርሙስ እስከ ሲሶው ድረስ እህል ይጨመርበታል። በምጣድ ላይ ወይም በፀሐይ የደረቀ ደቃቅ የገበታ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይታከልበታል። ጠርሙሱ ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ይናጥና 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ የበለጠ እርጥበት አለው፤ ስለዚህ ወደ ስጥ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ጨው አለመለጠፉ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች መሆኑን ያመለክታል እንጂ ወደ 13 መውረዱን አያረጋግጥም። ስለዚህ የጨው ሙከራ «ገና ነው» ለማለት እንጂ «ይበቃል» ለማለት አያገለግልም። ጨው ባይለጠፍም እህሉን ተጨማሪ ቀን ፀሐይ ላይ ማዋል የሚመከረው ስለዚህ ነው።

3. ሃይግሮሜትር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ

ሃይግሮሜትር የአየርን እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ነው። ዛሬ በመዳፍ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ዓይነት በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። ሆኖም በመጋዘን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሚናገረው ስለ አየሩ እንጂ ስለ እህሉ አይደለም። የእህሉን ለማወቅ፣ አየር የማያስገባ፣ ሰፊ አፍ ያለው ግልጽ ዕቃ እስከ ሦስት አራተኛው እህል ተሞልቶ መሣሪያው ከላይ ይቀመጥበታል። ዕቃው ተከድኖ በጥላ ሥር ጥቂት ሰዓት ይቆያል። በዕቃው ውስጥ ያለው አየር ከእህሉ እርጥበት ጋር ይስማማል፤ ቁጥሩ መለዋወጡን ሲያቆም ይነበባል።

ንባቡ ከ65 በመቶ በታች ከሆነ እህሉ ለማከማቸት ደርቋል ማለት ነው። ከ70 በላይ ከሆነ ለሻጋታ የተመቸ ነው። በመካከሉ ከሆነ ጥቂት ቀን ተጨማሪ ማድረቅ ይገባል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ለሁሉም ሰብል አንድ ወሰን ማገልገሉ ነው። በቆሎ 13 በመቶ ላይ ደኅና ሲሆን ለውዝና ሰሊጥ ቅባት ስለሚበዛባቸው ወደ 7 በመቶ መውረድ አለባቸው። ሻጋታው ግን የሚያየው በእህሉ ዙሪያ ያለውን አየር ስለሆነ የ65 በመቶው ወሰን ለበቆሎም፣ ለሰሊጥም፣ ለጤፍም ይሠራል። ለየሰብሉ የተለየ ሠንጠረዥ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጥቅም መንደር ውስጥ ሊመሳከር መቻሉ ነው። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው ተደርጎ ሳይሟሟ እንደ ጭቃ እስኪሆን ድረስ በጥቂት ውኃ ይርሳል። ከመሣሪያው ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ያድራል። በዚያ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር 75 በመቶ ይሆናል። መሣሪያው 71 ካለ 4 ያጎድላል፤ ይህም በወረቀት ተጽፎ ጀርባው ላይ ይለጠፋል። ከ10 በላይ የሚያዛባ ከሆነ ይለወጥ። ይህ ማመሳከሪያ በየዓመቱ ከመኸር በፊት መደረግ ይኖርበታል።

4. የኤሌክትሪክ እርጥበት መለኪያ

ይህ መሣሪያ የእህሉን የኤሌክትሪክ ጠባይ ለክቶ ወደ በመቶኛ ይለውጣል። ፈጣን ስለሆነ ብዙ ገበሬ በሚሰለፍበት የግዢ ወቅት የሚተካው የለም። ነገር ግን የሚከተሉትን ይጠይቃል።

ሀ) ሰብሉ በመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ከመግዛት በፊት ማኅበሩ የሚገዛቸው ሰብሎች በሙሉ መኖራቸው ይታይ። ጤፍ ከሌለ በስንዴ መስመር የተነበበው ቁጥር የጤፍ ቁጥር አይደለም።

ለ) እህሉ ከፀሐይ እንደተነሣ መለካት የለበትም። በጥላ ቀዝቅዞ ሙቀቱ ከመሣሪያው ጋር ይመጣጠን።

ሐ) ናሙናው ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመካከሉና ከሥሩም ይወሰድ። ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይያዝ።

መ) በዓመት አንድ ጊዜ ከላቦራቶሪ ጋር ይመሳከር። አንድ ናሙና ለሁለት ተከፍሎ አየር በማያስገባ ጠርሙስ ይታሸጋል፤ ግማሹ በማኅበሩ መሣሪያ፣ ግማሹ በምድጃ ማድረቂያ ባለው ላቦራቶሪ ይለካል። ልዩነቱ ይመዘገባል።

ለእንጨት የተሠሩ፣ ሁለት መርፌ ያላቸው መለኪያዎች ለእህል መግዣ አይሆኑም። ርካሽ መሆናቸው ሊያታልል አይገባም።

5. መለኪያ እንደ ሚዛን ነው

የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ እዚህ ላይ ነው። እርጥበት ውኃ ነው፤ ውኃም ይመዝናል። 18 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 94 ኪሎ ከሩብ ያህል ይሆናል። እርጥቡን እንደ ደረቅ የገዛ ማኅበር በየኩንታሉ 6 ኪሎ የሚጠጋ ውኃ ገዝቷል፤ ኪሣራውም የአባላቱ ነው። በሌላ በኩል መሣሪያው 2 ነጥብ ከፍ አድርጎ ቢያነብና ደረቁ በቆሎ 15 በመቶ ነው ተብሎ ክብደቱ ቢቀነስ፣ ገበሬው በየኩንታሉ 2 ኪሎ ከ300 ግራም ያህል ያጣል። ይህ 20 ኩንታል ላቀረበ ሰው 46 ኪሎ ነው።

ገበሬው ሚዛኑ ሲመዝን ቆሞ ያያል፤ ከተጠራጠረም ይከራከራል። በእርጥበት መለኪያው ላይም ይኸው መብት ሊኖረው ይገባል። ንባቡ ባለቤቱ ባለበት ይነበብ፣ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ ቅር ያለው እንደገና ያስለካ። ፈጥኖ ለመግዛት ይህ ሁሉ ጊዜ ያባክናል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ገበሬው ካላመነበት መለኪያ ሸሽቶ እህሉን ለሌላ ከሸጠ ማኅበሩ ያተረፈው ጊዜ አይጠቅመውም።

ማጠቃለያ

ለየቤቱ የጨው ጠርሙስ ይበቃል ባይባልም መነሻ ይሆናል። ለጥቂት ጎረቤታሞች አንድ የተመሳከረ ሃይግሮሜትር ቢኖር፣ በተለይ እህሉ አየር በማያስገባ ከረጢት የሚከማች ከሆነ፣ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እንዲህ ያለው ከረጢት ነቀዝን ይከላከላል እንጂ እህል አያደርቅም፣ የገባበትን እርጥበትም አያስወጣም። ለማኅበሩ መግዣ ቦታ ደግሞ ሰብሎቹን የሚያውቅና በየዓመቱ የሚመሳከር አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ማንም ከማያመሳክራቸው አሥር መሣሪያዎች ይሻላል። የልማት ሠራተኛው ድርሻ መሣሪያ ማደል ብቻ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህሉ ጎተራ ሳይገባ፣ ገበሬው ራሱ ለክቶ ራሱ እንዲያነብ ማስተማር ይኖርበታል።